ንፋስ የጠፋበት ሳምንት

ዳግማዊት ታመነ ግራና ቀኟን አሳምራ የምታውቅ ልጅ ናት። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ወድጄ አይደለም። አስተማሪዋ ካፒቴን ጎደፋ ጥር ወርን ሙሉ ሲጮኽባት የሰማ ሁሉ ልጅቷን ግራ እጇን ከቀኟ የማትለይ አድርጎ ቆጥሯት ስለነበር ነው። «ቀኝ! ቀኝ እግር አልኩሽ እኮ! ይሄን እግር ከየት ነው ያመጣሽው?» ይላታል፣ ሁለት ሰው ብቻ በምትይዘው ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው። ወርደውም አይበርድለትም፤ እስከ ሻይ ቤቱ ድረስ እየጮኸ ነው የሚሸኛት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ቁጣው በትግርኛ፣ ምክሩ ደግሞ በአማርኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንፋስ ከፊት ሲመጣ አውሮፕላን ማሳረፍ ለዳግማዊት ምኗም አልነበረም። ንፋስ ከጎን ሲሆን ግን አውሮፕላኑ ከመንገዱ እንዳይገፋ አፍንጫውን ወደ ንፋሱ አዙሮ፣ ጎኑን እየሰጠ ነው የሚመጣው፤ ቆሞ ለሚያየው የሰከረ ይመስላል። መሬት ሊነካ አንድ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ታዲያ ፔዳሉን በእግር ረግጦ አፍንጫውን ከማኮብኮቢያው ጋር ማቅናት ያስፈልጋል። ያ ካልሆነ ጎማው መሬቱን በጎኑ ይነክሰዋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ይወቀው። ንፋሱ ከግራ ከሆነ የሚረገጠው ቀኙ ነው። ዳግማዊት ይህን ሰሌዳ ላይ ሥላ ታስረዳለች፤ ከእሷ በኋላ የገቡትን ሁሉ አስጠንታለች። ከፍ ብላ ስትበርም እግሯ አይሳሳትም። መሬቱ ሲቀርባት ግን ግራውን ትረግጣለች።

ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቱንም በዚያችው ግራ እግር አላለፈችም። ይህን ፈተና ያላለፈ ተማሪ ያለ አስተማሪ ብቻውን እንዲበር አይፈቀድለትም። ፈታኙ ከአዲስ አበባ በሦስት ወር አንዴ ነው የሚመጣው፣ በበረራ ትምህርት ቤቱ ደንብ ደግሞ ሦስተኛው የመጨረሻ ነው። በመጋቢቱ ዙር ካላለፈች ፋይሏ ይዘጋል፣ ዩኒፎርሟን አስረክባ ወደ ቤቷ ነው።

ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ትምህርቱን የጀመረችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አራት ወር እንደተማረች ጦርነቱ መጣና ሁሉም ነገር ተዘጋ። እሷም እንደማንኛውም የመቀሌ ልጅ ያገኘችውን ስትሠራ ቆየች። ከሁሉ ረዥሙን ጊዜ ሮማናት አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ቆማ የሰው ማስረጃ ስታባዛ ነው ያሳለፈችው። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ከድሮዎቹ ተማሪዎች የተመለሰችው እሷ ብቻ ነበረች። እንግዲህ ይህቺ ልጅ ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የላትም። እሷም ታውቀዋለች፣ ካፒቴኑም ያውቀዋል፤ ጩኸቱም ለዚሁ ነው።

የካቲት አጋማሽ ላይ ካፒቴን ጎደፋ መጮኹን ድንገት ተወ። ይህ ከጩኸቱ ይልቅ አስደነገጣት። ሻይ አዘዘላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«አባትሽ የሸዋ ሰው ነው አይደል? አንቺስ የት ነው ያደግሽው?»

«እዚሁ ነው ካፒቴን። ዓዲ ሓቂ።»

«ቁልቁለት አለው ሰፈራችሁ?»

«ቁልቁለት ብቻ ነው እንጂ!»

«ኩሽኔታ ነድተሻል?»

ለማያውቅ ልንገር። ልጆች ከጋራዥ አሮጌ ኩሽኔታ ይለምናሉ፤ ጣውላ ላይ እንደ ጎማ ይመቱታል። የፊተኛው እንጨት በአንዲት ብሎን ላይ ይሽከረከራል። ነጂው ጣውላው ላይ ቂጢጥ ብሎ ሁለት እግሩን በዚያ እንጨት ጫፍና ጫፍ ያደርግና አስፋልቱን ቁልቁል ይለቀዋል። ፍሬን የለ፣ የእጅ መሪ የለ፤ ያለው እግር ብቻ ነው። ድምፁ የሰፈር ሽማግሌ ከእንቅልፉ ያስነሳል፣ ጉልበት ያልተላጠ ልጅም አይገኝም።

«ነዳሁ እንጂ!» አለች ዳግማዊት፣ ከስንት ቀን በኋላ ፊቷ ፈካ ብሎ። «ወንዶቹን ሁሉ የምቀድማቸው እኔ ነበርኩ።»

«ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የትኛውን እግር ነበር የምትገፊው?»

ዳግማዊት ጠረጴዛው ሥር እግሮቿን አንቀሳቀሰች። አንዴ ሞከረች፣ ደገመች። ከዚያ የሻይ ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ግራውን» አለች።

«በይ እንግዲህ። አውሮፕላኑ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወደ ቀኝ ቀኙን ነው። ስትረጋጊ ጭንቅላትሽ ያዝሻል፣ ስትፈሪ ግን የዓዲ ሓቂ ቁልቁለት ነው የሚያዝሽ። ፎቅ ላይ ያደጉት የአዲስ አበባ ልጆች ይሄ በሽታ የለባቸውም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም እዚሁ የቁሓ ልጅ ነኝ። እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ ምክንያቱን ሳያውቀው በኩርኩም ነው ያዳነኝ። አንቺን ደግሞ መኮርኮም ክልክል ነው።»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይሏል ይህ ነው። በሽታው ስም ሲያገኝ ግማሹ ዳነ፤ የቀረው ግማሽ ልምምድ ብቻ ነበር። ዳግማዊት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ስትገባ ግቢው መሃል ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች፣ ሁለት ጡብ እግሯ ሥር ታደርጋለች። አባቷ መምህር ታመነ ደግሞ ፊት ለፊቷ ቆሞ የመጥረጊያ እንጨት እንደ አውሮፕላን አፍንጫ ይይዝላታል። ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ተማሪ ሲያገኝ ያገሳል። «ንፋስ ከግራ!» ይላል መጥረጊያውን እያጣመመ፤ ልጁ ቀኙን ጡብ ትረግጣለች። «ንፋስ ከቀኝ!» ይላል፤ ግራውን ትረግጣለች። በግቢው ክፍል የተከራዩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየበሩ ብቅ እያሉ ይስቃሉ። እናቷ ለተኪዳን ብቻ በማድ ቤቱ በር ላይ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ታያለች፣ አትስቅም።

የመጋቢቱ ሳምንት ሰኞ ፈታኙ መጣ። ነስረዲን ይባላል፤ ዝግ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ዳግማዊት ዩኒፎርሟን ተኩሳ ጠበቀችው። ምን ዋጋ አለው፣ ንፋስ የለም!

የንፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየው ቀይና ነጭ ከረጢት ገመድ ላይ እንደተሰጣ ካልሲ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ። ሰኞ አልተነቃነቀም። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ ጠዋት ካፒቴን ጎደፋ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «ዕድሜዬን ሙሉ ቁሓን አውቃታለሁ» አለ፣ «በመጋቢት ሦስት ቀን ሙሉ ሣር የማይነቀንቅ ጊዜ አይቼ አላውቅም። ሓቀይ እየ፣ እውነቴን ነው!»

ነስረዲን ሰዓቱን አየ። «ያለ ንፋስ የጎን ንፋስ ፈተና መፈረም አልችልም። ቅዳሜ ጠዋት ተመላሽ ነኝ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እህቴ፣ ግን ደንቡን ያወጣሁትም እኔ አይደለሁም።»

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ዳግማዊት ቤቷ ገብታ እንጀራዋን በጾም ሽሮ ትበላለች። «ዛሬም ንፋስ የለም» አለች በመጨረሻ። «ነገና ከነገ ወዲያ ብቻ ነው የቀረኝ። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም አሉ።»

መምህር ታመነ በጉርሻው መሃል ሳል መሰል ሳቅ አመለጠው። «እሱንማ ሚካኤልን ጠይቂው» አለ።

«ታመነ!» አለች ለተኪዳን።

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንድነው?» አለች ዳግማዊት፣ አንዴ አባቷን አንዴ እናቷን እያየች። «ምን አድርጋችሁ ነው?»

ነገሩ ወጣ። ለተኪዳን በሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ተስላለች። ልጄ በምትፈተንበት ሳምንት ንፋሱን ያዝልኝ፣ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ አገባልሃለሁ ብላለች። ጃንጥላውም ተገዝቶ በላስቲክ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ተቀምጧል።

«ዋይ ጓለይ» አለች እናትየው፣ «ንፋሱ ነው ያስቸገረኝ ስትይ አልነበር እንዴ? ያስቸገረሽ ነገር እንዲቆም ለመንኩ። ምን አጠፋሁ?»

«ኣደይ! ፈተናው እኮ ራሱ ንፋሱ ነው! ያለ ንፋስ አይፈትኑኝም!»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ንፋስ እንዲመጣ የሚለምን እናት የት አለ?»

ለተኪዳን ከአውሮፕላን ድምፅ ጋር ያላትን ጠብ ለመቀሌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌላው ይህን ያህል ልበል፤ በእነዚያ የጦርነት ዓመታት ሰማዩ ሲያገሳ የደረሰች ልጇን እንደ ሕፃን ጎትታ ጠረጴዛ ሥር ያስገባች እናት ናት። ያቺው ልጅ ናት አሁን የሚያገሳውን ነገር ራሴ ልንዳው የምትለው። እናት ብትሳል ይፈረድባታል? እኔ አልፈርድባትም።

ዳግማዊት ግን ያኔ እናት የሚባል ነገር አልታያትም። የታያት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። «ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ» አለች። «ሰው ያልዘጋብኝን በር በስለት ዘጋሽብኝ!» ብላ እጇን ሳትታጠብ ተነስታ ወጣች። መምህር ታመነ ምሳውን አልጨረሰም። ለተኪዳንም እህሉን እንዳለ ከደነችው።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ለተኪዳን ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ጃንጥላውን በክንዷ ታቅፋ የልጇን በር አንኳኳች። «ተነሺ» አለቻት። «ቀሺ ሔሩይ ጋ እንሄዳለን። የዘጋሁትን እከፍታለሁ።»

ቀሺ ሔሩይ የቤተሰቡ የንስሐ አባት ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥላ ሥር ተቀምጠው የለተኪዳንን ነገር ከዳር እስከ ዳር ሰሙ፤ አንድ ሁለቴ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈን ሲያደርጉ ዳግማዊት አይታለች፣ ሳቃቸውን ሲውጡ ነው።

«ብዙ ስለት ሰምቻለሁ» አሉ። «ንፋስ አስቁሞ መልሶ አስነሱልኝ ያለኝ ግን የለም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«ልመልሰው አባ። ስለቴን ልተወው።»

«ስለት አይተውም ልጄ፣ ይከፈላል እንጂ። የጠየቅሽው ሆኖልሻል፤ ጃንጥላሽን አስገቢና የዚያ ነገር ይለቅ። ከዚያ ወዲያ የምትፈልጊውን ሌላ ነገር እዚያ በር ላይ ቆመሽ ራስሽ ለምኚ። ሰው ልኬ አስለምናለሁ እንዳትዪ።»

ጃንጥላው ገባ። ለተኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄዳ ደፉን ሳመችና ቆመች። ዳግማዊት አጠገቧ ናት። «ሚካኤል» አለች እናትየው። እንደገና «ሚካኤል» አለች፣ ከስሙ ግን አላለፈችም። ዳግማዊት የእናቷን ጭንቅ አየችና የትናንቱ ንግግሯ ፊቷን አቃጠለው፤ ተይው ኣደይ፣ ይቅርብኝ ልትላት አፏን ከፈተች።

«ንፋስ ስጣት» አለች ለተኪዳን፣ እንባዋም አብሮ ወረደ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ቶሎ ብላ ጨመረች፤ «ብዙ አይደለም። ልኩን ብቻ።»

ሐሙስ ምንም ሳይሆን ዋለ።

ዓርብ እስከ ሰባት ሰዓት ከረጢቱ እንደተንጠለጠለ ነበር። ነስረዲን ወረቀቱን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከቷል። ሰባት ተኩል ላይ የሻይ ቤቱ መጋረጃ እብጥ አለ። ካፒቴን ጎደፋ ከመቀመጫው ሳይነሳ አንገቱን ብቻ አዞረ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ከረጢቱ ተነፍቶ ጎኑን ሰጠ፤ ከግራ፣ ፍጥነቱ አሥራ ሁለት ኖት፣ ለዚያች ትንሽ አውሮፕላን ልኩ። ሚካኤል ይሁን መጋቢት ራሱ፣ እኔ ማን ነኝና እዳኛለሁ።

«ውጪ!» አለ ካፒቴኑ። «ምን ትጠብቂያለሽ፣ መኪና ይላክልሽ?»

በዚህ ጊዜ ከአጠገቧ የተቀመጠው ነስረዲን ነው። ተነሱ፣ ዞሩ፣ ወደ ማኮብኮቢያው መጡ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ግራ ሰጥቶ ጎኑን ይዞ ይወርዳል። መሬቱ ቀረበ፣ የአስፋልቱ ስንጥቅ ሳይቀር ታየ። ያን ጊዜ ግራ እግሯ ሲከብድ ተሰማት። ያቺው እግር! ፔዳሉን መግፋት ጀምራ ነበር፣ አፍንጫውም ይባስ ወደ ግራ ሊሄድ አንድ ጣት ያህል ተንቀሳቅሷል። ዳግማዊት ማሳረፉን ተወችው። ሞተሩን ሙሉ ኃይል ሰጥታ ጎማው መሬት ሳይነካ ተነሳች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ነስረዲን፣ ከፍ ካሉ በኋላ።

ምክንያት መፍጠር ትችል ነበር። ንፋሱ ገፋኝ ብትለው ይቀበላታል። «ግራ እግሬ ቀደመኝ» አለች።

ነስረዲን አንድ ነገር ጻፈ። «አንዴ ብቻ ነው የቀረሽ» አለ።

ያቺን አንዲት ዙር ስትዞር የመቀሌ ቤቶች ከሥሯ አለፉ፣ እሷ ግን አላየቻቸውም። ፈርታለች። መፍራቷንም ለራሷ አልደበቀችም፤ እግሯ የሚሳሳተው ስትፈራ መሆኑን አሁን ታውቃለችና፣ አሁን ይመጣል ብላ ጠበቀችው። መሬቱ ቀረበ። ግራ እግሯ እንደገና ሲከብድ ተሰማት፣ ተረከዟን ወለሉ ላይ ተክላ ያዘችው። ጡብ ላይ አራት መቶ ጊዜ ያደረገችውን አደረገች፤ ቀኟን ገፋች። አፍንጫው ዞሮ ከመሃል መስመሩ ጋር ቀጥ አለ። ክንፉን ወደ ንፋሱ ዘንበል አደረገች። መጀመሪያ የግራው ጎማ ነካ፣ ቀጥሎ የቀኙ፣ ከዚያ የፊቱ። አውሮፕላኑ መስመሩን ሳይለቅ ሮጦ ቆመ።

ነስረዲን ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። «እግርሽ እንደቀደመሽ የነገርሽኝ ጊዜ ነው ግማሹን ያለፍሽው» አለ። «ከሰኞ ጀምሮ ብቻሽን ትበሪያለሽ።»

ካፒቴን ጎደፋ አውሮፕላኑ ድረስ መጥቶ ነበር። እንኳን ደስ አለሽ አላለም፤ «መጀመሪያ ላይ ፍጥነትሽ ትንሽ በዝቷል» ብሎ ፊቱን ወዲያ አዞረ። ዓይኑን ሲጠርግ ግን አይታዋለች።

ዳግማዊት እያለቀሰች፣ እየሳቀችም ወደ በሩ ወጣች። ከአየር ማረፊያው አጥር ማዶ፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴት ተቀምጣለች። ለተኪዳን ናት። ጀርባዋን ለማኮብኮቢያው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ታክሲ መንገዱ አድርጋ ነው የተቀመጠችው።

«ኣደይ! መቼ መጣሽ?»

«ንፋሱ ሲነሳ መጣሁ። እኔ የጠራሁት ነው፣ ቤት ተቀምጬ እንዴት እውላለሁ?» አለች፣ ሳትዞር። «አላየሁሽም። ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት። አንዴ ወርዶ መልሶ ሲጮኽ ልቤ ቀጥ አለ።»

«አለፍኩ፣ ኣደይ። ፈረመልኝ።»

«ተመስገን!» አለች ለተኪዳን። ልጇን ስባ ግንባሯን ሳመች፣ ጉንጮቿን ሳመች፣ እጆቿንም ሳመች። «ተመስገን፣ በቃ አለቀ። አሁን እንደ ልቤ እተኛለሁ። ያ ተቆጪ ሽማግሌ አጠገብሽ ካለ ምንም አልሰጋም።»

ዳግማዊት እውነቱን ነገ ልትነግራት ትችላለች፤ ሰኞ ማታ፣ ከወረደች በኋላም ልትነግራት ትችላለች። ግን እናቷ ትናንት በዚያ በር ላይ ቆማ ያንን ቃል ከጉሮሮዋ ስታወጣ አይታለች፤ እንዲህ ያለችውን ሴት ማታለል አስጠላት።

«ካፒቴኑ አብሮኝ አይሆንም» አለች። «ፈተናው ለዚያ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ብቻዬን ነኝ።»

የለተኪዳን እጅ የልጇ ጉንጭ ላይ እንዳለ ቀረ። መንገዱ ላይ አቧራ ተነስቶ አለፈ። «ብቻሽን» አለች። «ማንም ሳይኖር።»

«ማንም ሳይኖር።»

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ንፋሱን ትለምኚልኝ ነበር?»

ለተኪዳን አሰበች። ከልቧ ነው ያሰበችው፤ ልጇን ለማስደሰት ስትል ቶሎ አልመለሰችም።

«አልለምንም ነበር» አለች።

አንድ ታክሲ ወደ ሮማናት እየተጠራ መጥቶ ፊታቸው ቆመ። ለተኪዳን የልጇን እጅ ይዛ ገባች፣ እስኪወርዱም ድረስ አለቀቀቻትም።